ሁለቱ የጋዝ ልጥጠቶች እና ሁለቱ የሙቀት አቅሞች፦ ጥያቄው እና 24ቱ ምላሾች

ይህን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ምላሾቹ ስለበዙና ዘግይቶ ለሚመጣ አንባቢ ከላይ እስከ ታች መውረዱ አድካሚ ስለሆነ፣ የተባለውን በየቁጥሩ እየተከተልኩ እዚህ አሰፍራለሁ። የሰዎቹን ቃል እንዳለ አልጠቅስም፤ ሐሳባቸውን በራሴ አነጋገር አቀርባለሁ፤ የሚመስለኝንም እናገራለሁ።

ጥያቄዬ ይህ ነበር። ጋዝን በፒስተን ስንጨምቀው መልሶ ይገፋናል። ይዘቱ አንድ በመቶ ሲቀንስ ግፊቱ በምን ያህል እንደሚጨምር ካወቅን ልጥጠቱን አወቅን ማለት ነው፤ ልጥጠቱ የዚያ ጭማሪ መቶ እጥፍ ነው። ቀስ ብለን ከጨመቅነውና ሙቀቱ በሲሊንደሩ ግድግዳ በኩል እየወጣ መጠነ ሙቀቱ ካልተለወጠ፣ ማለትም በአይሶተርማል መንገድ፣ ልጥጠቱ ከራሱ ከግፊቱ ጋር እኩል ነው። ሙቀት ወደ ውጭም ወደ ውስጥም እንዳያልፍ አድርገን በአዲያባቲክ መንገድ ከጨመቅነው ግን ልጥጠቱ የግፊቱ ጋማ እጥፍ ይሆናል። ጋማ ደግሞ በቋሚ ግፊት የሚለካው የሙቀት አቅም (ጋዙን አንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገው ሙቀት) በቋሚ ይዘት ለሚለካው ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው፤ ለአየር 1.4 ነው። አንዱ ልኬት የመግፋት፣ ሌላው የማሞቅ ጉዳይ ሆኖ ሳለ ሁለቱ ክፍልፋዮች በትክክል የሚገጥሙት ለምንድን ነው? በካልኩለስ በአራት መስመር እንደሚወጣ አውቃለሁ። የፈለግኩት ተማሪ በቁጥር ይዞ ሊያገላብጠው የሚችለውን ምክንያት ነው።

ምላሽ 1፦ የመጀመሪያው መላሽ ሰላምታ አስቀድሞ በትሕትና ጀመረ። በአዲያባቲክ ለውጥ ግፊት በይዘት የጋማ ኃይል ሲባዛ ቋሚ ነው ከሚለው ሕግ ተነሥቶ፣ ዴሪቬቲቭ ወስዶ፣ ልጥጠቱ የግፊቱ ጋማ እጥፍ መሆኑን በንጹሕ ስሌት አሳየ።

ምላሽ 2፦ ተቃውሞው ወዲያው ተከተለ። በዚያ ሕግ ውስጥ ጋማ የገባው ከሙቀት አቅሞቹ ስለሆነ፣ 1ኛው መላሽ ያስገባውን መልሶ አወጣ እንጂ ምክንያቱን አልነገረንም ብሎ ጻፈ። ከዚያም ሕጉ የሚሠራው ለአይዲያል ጋዝ፣ ማለትም ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ እንደማይሳሳቡ ተደርጎ ለሚታሰበው ጋዝ ብቻ ሲሆን የሁለቱ ክፍልፋዮች እኩልነት ግን ለውሃም ለብረትም እንደሚሠራ አከለ። እኔም በዚህ ከእርሱ ጋር ነኝ።

ምላሽ 3፦ ለረጅም ዓመታት ፊዚክስ እንዳስተማሩ የገለጹ አንድ መምህር ሁለት ልጥጠት መኖሩን በዓይናችሁ አይታችሁታል ወይ ሲሉ ጠየቁን። እርሳቸው ጫፉ የተደፈነ ስሪንጅ ከግፊት መለኪያ ጋር አገናኝተው፣ መለኪያውን ከኮምፒውተር ጋር አያይዘው፣ መስመሩን በስክሪን ላይ ለተማሪዎቻቸው ያሳያሉ። አየሩን በፍጥነት ወደ ግማሽ ይዘቱ ሲጨምቁት መስመሩ የመነሻውን እጥፍ አልፎ ሽቅብ ይወጣል፤ ከዚያ እጃቸው ሳይንቀሳቀስ፣ ይዘቱ ሳይለወጥ፣ መስመሩ ተጎንብሶ ይወርድና እጥፉ አጠገብ ይረጋል። ምንም ሙቀት ባይወጣ ኖሮ ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተነሣ አየር ግፊቱ 2.64 እጥፍ፣ መጠነ ሙቀቱም ወደ 114 ዲግሪ ይደርስ ነበር። በስሪንጅ ግን ይህ አይደረስበትም፤ ጥቂት አየር በብዙ ግድግዳ ስለተከበበ ሙቀቱ ገና ጭመቃው ሳያልቅ መሸሽ ይጀምራል። ያ የሚወርደው የመስመሩ ጅራት የሚሸሸው ሙቀት ነው። ተማሪ ይህን ጅራት ካየ በኋላ የጋዝ ልጥጠት ስንት ነው ብሎ አይጠይቅም፤ ሙቀቱ የት ሄደ ብሎ ይጠይቃል አሉ። ከክሩ ሁሉ ለማስተማር የሚጠቅመው ይህ ምላሽ ይመስለኛል።

ምላሽ 4 መምህሩን ከማመስገን አላለፈም።

ምላሽ 5፦ ክሩን ያቆመው ምላሽ ይህ ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ አቀርበዋለሁ። ጸሐፊዋ ጭመቃውን በሁለት እርምጃ ከፋፈለችው። በ300 ኬልቪን ያለ አንድ ኪሎግራም አየር እንውሰድ፤ ይዘቱን አንድ በመቶ ልንቀንስ ነው። በመጀመሪያው እርምጃ ግፊቱን ሳንለውጥ እናቀዘቅዘዋለን። ይዘቱ አንድ በመቶ እንዲያንስ መጠነ ሙቀቱ በ3 ዲግሪ መውረድ አለበት። በቋሚ ግፊት የአየር የሙቀት አቅም ለአንድ ኪሎግራም፣ ለአንድ ዲግሪ 1005 ጁል ስለሆነ ያወጣነው ሙቀት 3015 ጁል ነው። በሁለተኛው እርምጃ ፒስተኑን ቆልፈን መልሰን እናሞቀዋለን፤ ግፊቱ የሚጨምረው እዚህ ላይ ነው። እንግዲህ የቀረው ጥያቄ ስንት ሙቀት እንመልስ የሚለው ብቻ ነው።

ወደ ነበረበት መጠነ ሙቀት መመለስ ካሻን 3 ዲግሪ እናሞቀዋለን፤ ግፊቱም አንድ በመቶ ያህል ይጨምራል። በቋሚ ይዘት አየር ለአንድ ዲግሪ የሚጠይቀው 718 ጁል ብቻ ስለሆነ፣ ለዚህ የሚበቃው 2154 ጁል ነው። 861 ጁል ውጭ ቀረ። ይህ አይሶተርማል ነው። አዲያባቲክ እንዲሆን ከፈለግን ግን ምንም ሙቀት ውጭ መቅረት የለበትም፤ 3015ቱም ጁል መመለስ አለበት። ያ ሙቀት ለ718 ሲካፈል 4.2 ዲግሪ ይሰጣል፤ ግፊቱም በአንድ በመቶ ፈንታ ወደ 1.4 በመቶ ይጨምራል። ይዘቱ በሁለቱም መንገድ እኩል ቀንሷል፤ የግፊቱ ጭማሪ ግን 4.2 ለ3 ሆነ፤ ይህም 1005 ለ718 ነው። ሙቀቱ የወጣው በአንደኛው የሙቀት አቅም፣ የተመለሰው በሌላኛው ነው፤ የልጥጠቶቹ ክፍልፋይ ከዚህ ውጭ ሌላ ሊሆን አይችልም። ውጭ የቀረው 861 ጁልም ሜዳ ላይ የወደቀ ቁጥር አይደለም፤ አየሩ ሲኮማተር ከውጭ ያለው ግፊት በፒስተኑ ላይ ከሠራው ሥራ ጋር እኩል ነው።

ይህን ሳነብ የጠየቅኩትን አገኘሁ። ከዚህ ወዲያ ያሉት ምላሾች የዚህ ማስፋፊያ ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ አንዳንዶቹ ግን ሩቅ ሄደዋል።

ምላሽ 6 እና 7፦ አንዱ ይህ ስሌት የ2ኛውን መላሽ ተቃውሞ ያልፈዋል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ሌላው አዎን አለ። እርምጃዎቹ ትንንሽ እስከሆኑ ድረስ በ5ኛው ምላሽ ውስጥ የአይዲያል ጋዝ ሕግ ለቁጥሮቹ እንጂ ለክርክሩ አላስፈለገም። ውሃም፣ ብረትም፣ ዘይትም በእነዚህ ሁለት እርምጃዎች ይሄዳሉ። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የውሃ ሁለት የሙቀት አቅሞች ክፍልፋይ ወደ 1.007 ስለሆነ ሁለቱ ልጥጠቶቹ የሚለያዩት ከአንድ በመቶ ባነሰ ነው። በ4 ዲግሪ አካባቢ ውሃ ሲሞቅ አይሰፋም፣ አይጠብም፤ እዚያ ላይ ክፍልፋዩ 1 ነው፣ ሁለቱ ልጥጠቶችም አንድ ናቸው።

ምላሽ 8፦ አንድ ወጣት ተማሪ ከዚህ ተነሥቶ የራሱን ድምዳሜ አቀረበ። በቋሚ ግፊት የሙቀት አቅም የሚበልጠው ቁሱ ሲሞቅ ሰፍቶ ሥራ ስለሚሠራ ከሆነ፣ ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ያለ ውሃ ሲሞቅ ስለሚጠብ በእርሱ ዘንድ ነገሩ መገልበጥ አለበት፤ በቋሚ ይዘት የሚለካው ይበልጣል አለ።

ምላሽ 9፦ የክሩ ድምፅ የከረረው እዚህ ነው። መላሹ ልጁን ሳያሰላ የሚጽፍ ብሎ ገሠጸው። ከዚያም የሁለቱ የሙቀት አቅሞች ልዩነት የሚገኘው የመስፊያው መጠን በራሱ ተባዝቶ፣ በአይሶተርማል ልጥጠት፣ በይዘትና በኬልቪን መጠነ ሙቀት ሲባዛ እንደሆነ ጻፈ። በራሱ የተባዛ ቁጥር አሉታዊ ስለማይሆን፣ ቁሱ ሲሞቅ ቢሰፋም ቢጠብም በቋሚ ግፊት የሚለካው የሙቀት አቅም አያንስም። ነጥቡ እውነት ነው፤ ግሣጼው ግን አያስፈልግም ነበር። የልጁ ጥያቄ ብልህ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል።

ምላሽ 10፦ መምህሩ ተመልሰው መጡ። ልጁን በርታ ልጄ ብለው፣ በ5ኛው ምላሽ መንገድ አስረዱት። እንዲህ ያለውን ውሃ በቋሚ ግፊት ለማጥበብ ማቀዝቀዝ ሳይሆን ማሞቅ ያሻል፤ በተቆለፈ ይዘትም ግፊቱን የሚያሳድገው ማሞቅ ሳይሆን ማቀዝቀዝ ነው። ሁለቱም ምልክቶች አብረው ስለሚገለበጡ ክፍልፋዩ እንደነበረ ይቀራል። በፍጥነት ሲጨመቅም እንዲህ ያለው ውሃ በመሞቅ ፈንታ ይቀዘቅዛል። ልጁ አመሰገነ፤ የ9ኛው ጸሐፊ ዝም አለ።

ምላሽ 11፦ ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ታሪክ ዞረ። የድምፅ ፍጥነት ማለት ልጥጠት ለእፍግታ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ስኩዌር ሩት ነው። ኒውተን በልጥጠቱ ቦታ ግፊቱን ብቻ አስገባ፤ አይሶተርማሉን ማለት ነው። በ0 ዲግሪ ለ101325 ፓስካል ግፊትና በኪዩቢክ ሜትር 1.293 ኪሎግራም ለሚመዝን አየር ይህ በሰከንድ 280 ሜትር ይሰጣል። የሚለካው ግን 331 ነው። ላፕላስ በ1816 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በልጥጠቱ ላይ የሁለቱን የሙቀት አቅሞች ክፍልፋይ አባዛበት፤ 280 በ1.4 ስኩዌር ሩት ሲባዛ 331 ይሆናል።

ምላሽ 12 እና 13፦ ታሪኩ ጠብ አስነሣ። 12ኛው ኒውተንን አታላይ እስከማለት ደረሰ፤ በ1713 በወጣው የመጽሐፉ ሁለተኛ እትም በሰከንድ 979 ጫማ ብሎ ያሰላውን ቁጥር፣ የአየር ቅንጣቶች ራሳቸው የሚይዙትን ቦታና በአየር ውስጥ ያለውን ተን ምክንያት አድርጎ እስከ ተለካው 1142 ድረስ ከፍ አድርጎታልና። 13ኛው በቁጣ መለሰ፤ በዚያ ዘመን ጋዝ ሁለት የሙቀት አቅም እንዳለው የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ኒውተን የያዘው በጊዜው የታወቀውን ብቸኛ ልጥጠት፣ መጠነ ሙቀቱ ካልተለወጠ ግፊት በይዘት ሲባዛ ቋሚ ነው የሚለውን የቦይልን ሕግ ነው አለ። ሁለቱም ከእውነት ድርሻ አላቸው። የመጀመሪያው ስሌት ለዘመኑ ታላቅ ሥራ ነው። ቁጥሩን ከልኬቱ ጋር ለማስታረቅ የተጨመረው ማብራሪያ ግን ደካማ ነበር፤ ያንን መናገር ኒውተንን አያዋርደውም፤ እርሱን ሐሰተኛ ማለትም ፊዚክስ አያስተምረንም።

ምላሽ 14፦ አንዱ ሊያስታርቃቸው ገብቶ ሌላ ጠብ ከፈተ። ድምፅ አዲያባቲክ የሆነው ንዝረቱ ፈጣን ስለሆነ ነው፤ ድግግሞሹ ከፍ ባለ ቁጥርም ይበልጥ አዲያባቲክ ይሆናል አለ። ይህን በብዙ ቦታ እንደተጻፈ አይቼዋለሁ።

ምላሽ 15፦ የ9ኛው ጸሐፊ ነበር፤ አሁንም ቃሉ ስለታም ነው፣ ስሌቱ ግን ሊታለፍ አይገባም። 1000 ሄርትዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመቱ 34 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ከተጨመቀውና ከሞቀው ቦታ ወደ ሳሳውና ወደ ቀዘቀዘው ቦታ 17 ሴንቲሜትር አለ፤ ሙቀቱ ይህን ለመሻገር ያለው ጊዜ 0.0005 ሰከንድ ነው። በዚያ ጊዜ ሙቀት በአየር ውስጥ የሚሄደው 0.1 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። አሁን ድግግሞሹን 100 እጥፍ እናሳድገው፦ ርቀቱም ጊዜውም 100 ጊዜ ያንሳሉ፤ ሙቀቱ የሚሄደው መንገድ ግን በጊዜው ስኩዌር ሩት ስለሚለካ የሚያንሰው 10 ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ ድግግሞሽ ሲጨምር ሙቀቱ ወደ ጎረቤቱ ለመድረስ ይቀርባል እንጂ አይርቅም። ድምፅ አዲያባቲክ የሆነው የሞገድ ርዝመቱ ረጅም ስለሆነ ነው፤ ነገሩ ወደ አይሶተርማል የሚያዘነብለው በቢሊዮን ሄርትዝ አካባቢ ነው፤ እዚያ ደግሞ የሞገድ ርዝመቱ ሞለኪውሎች ሳይጋጩ ወደሚሄዱት ርቀት ስለሚጠጋ ድምፅ ራሱ ድምፅነቱን እያጣ ይሄዳል። 14ኛው አልተቀበለም፤ 15ኛው ደግሞ ሌላ ቃል አልጨመረም። ስሌቱን ራሴ ደግሜ ሠርቼዋለሁ፤ ትክክል ነው።

ምላሽ 16፦ የድምፅ ማጉያ ሳጥን በእጁ የሚሠራ ሰው የሁለቱን ክርክር በተግባር አገዘ። ባዶ ሳጥን ውስጥ ያለው አየር ለማጉያው አዲያባቲክ ስፕሪንግ ነው። ሳጥኑ በጥጥ መሰል ጭረት ሲሞላ ግን ሙቀቱ ከአየሩ ወደ ጭረቶቹ የሚጓዘው መንገድ ከሚሊሜትር በታች ይሆናል፤ በ50 ሄርትዝ ለዚህ የሚበቃ ጊዜ አለ። አየሩ ወደ አይሶተርማል ልጥጠት ይወርዳል፤ ማጉያው ሳጥኑ የሰፋ ያህል ይሰማዋል። በስሌት እስከ 1.4 እጥፍ መሆን ሲገባው በሥራ ላይ የሚያገኘው ከዚያ ያነሰ መሆኑን አልደበቀም። እኔ ከጠየቅኩት ውጭ የሄደ ቢመስልም፣ ልጥጠትን ከጋዙ ብቻ ሳይሆን ሙቀቱ ከሚያገኘው መውጫ ጋር አያይዞ ማየት የሚያስገድድ ምሳሌ ስለሆነ ወድጄዋለሁ።

ምላሽ 17 ለፈተና የሚሆን ማስታወሻ ያለው ካለ የሚል ልመና ነበር፤ ማንም አልመለሰለትም።

ምላሽ 18፦ ጋማን ያለ ቴርሞሜትር እንዴት እንለካለን ለሚለው የሩኻርት ሙከራ ቀረበ፤ 1929 የታተመ ነው። በ10 ሊትር ጠርሙስ አፍ ላይ ቀጥ ያለ የመስታወት ቱቦ ይቆማል፤ ቱቦውን በልኩ የሚሞላ 16 ሚሊሜትር ስፋት ያለውና 17 ግራም የሚመዝን የብረት ኳስ ይለቀቅበታል። ኳሱ በአየሩ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ይዋዥቃል። የአየሩ ልጥጠት አዲያባቲክ ከሆነ አንዱ ዙር ወደ 1.1 ሰከንድ፣ አይሶተርማል ቢሆን ወደ 1.3 ሰከንድ ይፈጃል፤ ልዩነቱ በእጅ ሰዓት የሚያዝ ነው። ጸሐፊው ቱቦውና ኳሱ ከአቧራና ከጣት ቅባት ካልጸዱ ኳሱ ሦስት ዙር እንኳ ሳይሞላ እንደሚቆም አስጠነቀቀ።

ምላሽ 19፦ የክሩ ምርጥ ታሪክ ነው። ሬይሊና ራምሴ በ1894 አርጎንን ሲያገኙ ጋዙ ከምንም ጋር አይዋሐድም ነበር፤ ስለዚህ በኬሚስትሪ መንገድ ሞለኪውሉ ስንት አቶም እንዳለው ማወቅ አልተቻለም። በውስጡ የድምፅን ፍጥነት ለኩ፤ ከፍጥነቱ ልጥጠቱን፣ ከልጥጠቱ ጋማን አወጡ፤ 1.66 አካባቢ ሆነ። ኩንትና ዋርቡርግ በ1876 በሜርኩሪ ተን ላይ ያገኙትም ይህንኑ ነበር፤ የነጠላ አቶም ጋዝ ምልክት ነው። መንደሌዬቭ ሦስት የናይትሮጅን አቶሞች የተጣመሩበት ጋዝ ሊሆን ይችላል ብሎ ቢያስብም፣ ያ ዓይነት ሞለኪውል እየተሽከረከረ ተጨማሪ ሙቀት ስለሚይዝ ጋማው ያን ያህል ከፍ አይልም ነበር። አንድ ጋዝ እንዴት እንደሚገፋ በመስማት ብቻ ውስጡን ማወቅ ተችሏል።

ምላሽ 20 እና 21፦ አንዱ ከዚያው ቀጥሎ ሃይድሮጅንን አመጣ። በተለመደው መጠነ ሙቀት ጋማው 1.4 ገደማ ነው፤ ወደ 60 ኬልቪን ሲቀዘቅዝ ግን ሞለኪውሎቹ መሽከርከር ያቆማሉ፤ የሙቀት አቅሙ እንደ ነጠላ አቶም ጋዝ ይወርዳል። ማክስዌልን ያስጨነቀው እንቆቅልሽ፣ ማለትም የሚለኩት የሙቀት አቅሞች ከሞለኪውሎች እንቅስቃሴ ስሌት ጋር አለመግጠማቸው፣ የተፈታው በኳንተም ሐሳብ ነው። ሌላው ግን ሃይድሮጅን በኪሎግራም 14.3 ኪሎጁል ሲይዝ አየር 1 ብቻ ከያዘ እንዴት ጋማቸው ይመሳሰላል ብሎ ተከራከረ። በሞል ሲለካ ሁለቱም 29 ጁል ገደማ ናቸው፤ ልዩነቱ የክብደት ነው።

ምላሽ 22፦ የማቀዝቀዣ ባለሙያው ምላሽ አጭርና ጠቃሚ ነበር። ከ300 ኬልቪን ተነሥቶ ግፊቱ 10 እጥፍ እስኪሆን በአዲያባቲክ መንገድ የሚጨመቅ አርጎን ወደ 750 ኬልቪን፣ አየር ወደ 580፣ ጋማው 1.1 የሆነ ጋዝ ደግሞ ወደ 370 ይደርሳል። የኮምፕሬሰር ዘይት እንዳይቃጠል ጋማው ዝቅ ያለ ጋዝ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

ምላሽ 23፦ ከኮምፕሬሰር ወደ ኮከብ ተሻገርን። ጸሐፊው በከፊል እየቀዘቀዘ የሚጨመቅ ጋዝ ሙቀት እያጣ መጠነ ሙቀቱ ሊጨምር እንደሚችል፣ የሙቀት አቅሙም አሉታዊ እንደሚሆን አስታውሶ፣ ኮከብም ኢነርጂ ሲያጣ እየተኮማተረ እንደሚሞቅ ጻፈ። ርቆ የሄደ መስሎኝ ነበር፤ ወደ ልጥጠት ግን መለሰው። የኮከቡ ጋዝ ጋማ ከ4/3 በታች ከወረደ፣ ሲጨመቅ የሚመልሰው ግፊት ስበቱን አይችለውምና ኮከቡ ይወድቃል።

ምላሽ 24፦ የመጨረሻው ጠያቂ የ5ኛውን ስሌት ወደ ጠርዝ ወሰደው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ31 ዲግሪ ሴንቲግሬድና የከባቢ አየርን 73 እጥፍ በሚሆን ግፊት ወሳኝ ነጥቡ ላይ፣ ማለትም ፈሳሹና ጋዙ መለየታቸው የሚጠፋበት ነጥብ ላይ ሲደርስ፣ አይሶተርማል ልጥጠቱ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ እኩልነቱ እዚያ ይፈርሳል ወይ አለ። የመለስኩለት እኔ ነኝ። ግፊቱን ሳንለውጥ ጥቂት ብቻ ብናቀዘቅዘው ይዘቱ በብዙ ይቀንሳል፤ ለዚያች ጥቂት ቅዝቃዜ የሚወጣው ሙቀት እጅግ ብዙ ነው፤ በቋሚ ግፊት ያለው የሙቀት አቅም ወሰን አልባ እየሆነ የሚሄደው ለዚህ ነው። ፒስተኑን ቆልፈን ወደ ነበረበት መጠነ ሙቀት ብቻ ብንመልሰው ግፊቱ ንቅንቅ አይልም ማለት ይቻላል። ያወጣነውን ሙቀት ሁሉ ብንመልስለት ግን፣ በቋሚ ይዘት ያለው የሙቀት አቅም የሚያድገው እጅግ በዝግታ ስለሆነ፣ ጋዙ ብዙ ዲግሪ ይሞቃል፤ ግፊቱም አብሮ ይወጣል። አንዱ ልጥጠት ፈጥኖ ሲጠፋ ሌላው የሚቀንሰው እጅግ በዝግታ ብቻ ነው፤ ክፍልፋያቸውም ከሙቀት አቅሞቹ ክፍልፋይ ጋር እኩል እየሆነ ያለ ገደብ ያድጋል።